«አሥር ደቂቃ ቢያልፉ ምን አለበት?»፦ በኦሬንጅ ኦርደር ሰልፍ ላይ የተነሣ ክርክር

ሐምሌ አምስት፦
ትናንት እዚሁ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቤ ነው የምጽፈው። ስለ ሰሜን አየርላንዱ ኦሬንጅ ኦርደር «እምነቱንና የአባቶቹን ቅርስ ጠብቆ የኖረ የፕሮቴስታንት ወንድማማቾች ማኅበር ነው፤ በካቶሊኮች ሰፈር ቢያልፍም አሥር ደቂቃ ነው፤ አሥር ደቂቃ የማይታገሥ ጎረቤት ችግሩ የራሱ ነው» ይላል። የጋርቫሂ መንገድን ነገር የሚያውቅ ሰው እንዴት እንዲህ ብሎ ይጽፋል? እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1997 ፖርታዳውን ከተማ ውስጥ በዚህ የካቶሊኮች ሰፈር መንገድ ሰልፉ እንዲያልፍ ተብሎ ፖሊስና ወታደር ገና ሳይነጋ ሰፈሩ ገባ። መንገድ ላይ የተቀመጠውን ሰው እየጎተተ አነሣ፣ ግራና ቀኙን በብረት ለበስ ዘጋ። ዕለቱ እሑድ ነበር። ሰዉ ከቤቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን መድረስ ስላልቻለ ካህናቱ ወታደሮቹ ፊት ሜዳ ላይ ቀደሱ። ሰልፈኞቹ በኋላ አለፉ፤ ማለፉ ራሱ ብዙ አልፈጀም። ታዲያ ከሌሊት ጀምሮ የታጠረው ሰው የሚቆጥረው የትኛውን ሰዓት ነው?

የወንጌል ልጅ፦
ጽሑፉ የእኔ ነው፤ አሁንም አልሰርዘውም። እህቴ ታሪኩን ከ1997 ጀመርሽው። እኔ ከ1807 ልጀምር። የፖርታዳውን ሎጆች፣ የማኅበሩ የአካባቢ ቅርንጫፎች፣ ዋናው የሰልፍ በዓላቸው ከሆነው ከጁላይ 12 በፊት ባለው እሑድ ወደ ድራምክሪ ቤተ ክርስቲያን ለአምልኮ መሄድ የጀመሩት ያኔ ነው። ጋርቫሂ መንገድ ላይ ያሉት የመኖሪያ ሰፈሮች የተሠሩት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሰው ከአምልኮ ወደ ቤቱ በአባቶቹ መንገድ ሲመለስ «በጓሮ ዞረህ ግባ» ሲባል የሚሰማውን አስቢው።

ማኅበሩንም እንደ ዱርዬ ስብስብ አታድርጉት። አባል የሚሆን ሰው አቅራቢና ደጋፊ ያስፈልገዋል፤ ሎጁ ድምፅ ይሰጥበታል። ስብሰባ በጸሎትና በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ሎጅ የራሱ ቻፕሊን፣ ማለትም መንፈሳዊ አገልጋይ፣ አለው። ጁላይ 12 እሑድ ላይ ከዋለ ሰልፉ ወደ ሰኞ ይዛወራል፤ ሰንበትን አይነኩም። በጋናና በቶጎም ሎጆች አሉ፤ ጥቁር ፕሮቴስታንቶች ያንኑ ብርቱካናማ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አድርገው ይሰለፋሉ። አየርላንድ ሪፐብሊክ ውስጥ፣ ዶኒጎል አውራጃ ሮስኖላ በምትባል የባሕር ዳር መንደር፣ ከጁላይ 12 በፊት ባለው ቅዳሜ በየዓመቱ ይሰለፋሉ፤ ጠጠር የሚወረውርባቸው የለም። ሰልፉ በራሱ ክፉ ቢሆን ኖሮ ካቶሊክ በሚበዛበት በዶኒጎል እንዴት በሰላም ያልፋል?

ዘአዲግራት፦
ሮስኖላ ላይ በሰላም የሚያልፈው ጥያቄህን ራሱ ይመልሰዋል። እዚያ ሰልፉ ወደ ባሕር ዳርቻው ነው የሚወርደው፤ በማንም ደጃፍ አሸናፊነቱን ለማሳየት አይሄድም።

ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ንባቡ ከነገርከን ሌላውንም ንገረን። የአባሉን መመዘኛ የሚዘረዝረው ሰነድ ላይ አባል የሆነ ሰው የሮምን ቤተ ክርስቲያን «አደገኛ ስሕተት» አጥብቆ መቃወም እንዳለበት፣ በካቶሊክ አምልኮ ላይም በመገኘት እንኳ ድጋፍ መስጠት እንደሌለበት ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ካቶሊክ ፖሊስ በቦምብ ተገድሎ ሲቀበር ከብሪታንያ ጋር መኖርን የሚደግፈው የአልስተር ዩኒየኒስት ፓርቲ መሪ ቶም ኤሊየትና ባልደረባው ዳኒ ኬኔዲ ቀብሩ ላይ ተገኙ። ሁለቱም የኦሬንጅ አባላት ናቸው። ለሟች ቤተሰብ ክብር ሰጥተው ቅዳሴ ላይ ስለተቀመጡ በማኅበራቸው ውስጥ አቤቱታ ቀረበባቸው። እኛ አገር ለቀብር ያልመጣ ሰው ነው የሚወቀሰው።

የወንጌል ልጅ፦
ከዚያው ሰነድ ግማሹን ቆርጠህ ነው ያመጣኸው፣ ወንድሜ። ያው ሰነድ አባሉ ስለ ካቶሊክ ወንድሞቹ ፍቅር የጎደለው ቃል እንዳይናገር፣ እንዲህ ያለ ሥራም ሐሳብም እንዳይኖረው ያዝዛል። «ወንድሞቹ» ነው የሚላቸው። ትምህርተ ሃይማኖትን መቃወምና ሰውን መጥላት ለየቅል ናቸው። በአቤቱታውም ቢሆን ሰዎቹ አልተባረሩም።

ሞትን ካነሣህ ደግሞ ቱሊቫለንን አንሣ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1975 ደቡብ አርማ ውስጥ ሎጁ ተሰብስቦ ሳለ ታጣቂዎች አዳራሹ ገብተው አምስት ሰው ገደሉ። በዚያ የግጭት ዘመን ከ300 በላይ አባላቱ እንደተገደሉ ማኅበሩ ይናገራል። አዳራሾቻቸው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በእሳት ይጠቁ ነበር። ይህን ያየ ሰው ሰልፉን የሚይዘው መኖሩን ለማሳየት ነው። ይህ ለምን አይገባችሁም?

የመንደሩ ሽማግሌ፦
ልጆች፣ ስለ ቀኑ ትንሽ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ዊልያም ካቶሊኩን ንጉሥ ጄምስን ያሸነፈበት የቦይን ወንዝ ጦርነት የተደረገው በድሮው ዩልዮስ አቆጣጠር ጁላይ 1 ቀን 1690 ነው። በዘመኑ ልዩነቱ አሥር ቀን ስለነበር ወደ ጎርጎርዮሱ ሲመጣ 11 ይሆናል። ብሪታንያ በ1752 አቆጣጠሯን ስትለውጥ ልዩነቱ አሥራ አንድ ቀን ደርሶ ነበር፤ በዚያ ሲደመር 12 ሆነ። ዋናው ደም የፈሰሰበት የኦክሪም ጦርነት ደግሞ በድሮው አቆጣጠር ጁላይ 12 ቀን 1691 ነበር። ሁለቱ በዓላት በአንድ ቀን ተጋጠሙ። የቀን መቁጠሪያ ጣጣ እኛ የምናውቀው ነገር ነው። በእኛ ሐምሌ 5 ይውላል፤ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ የሰኔ ጾም የሚፈታበት። የጠያቂዋም ስም ከዚያ መሆኑ ገብቶኛል።

ሌላው፦ ንጉሥ ዊልያምን የፕሮቴስታንት ብቻ ጀግና ማድረግ ታሪክን ማጥበብ ነው። የፈረንሳዩን ሉዊ 14ኛን ለመቋቋም የተሰለፈው ከካቶሊኩ የሐብስበርግ ንጉሠ ነገሥትና ከስፔን ጋር ነበር። ማኅበሩ ራሱ የተመሠረተው ከቦይን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ በሴፕቴምበር 1795፣ አርማ አውራጃ ሎክጎል አጠገብ ዳይመንድ በሚባል መስቀለኛ መንገድ ላይ ፕሮቴስታንትና ካቶሊክ ገበሬዎች ከተታኮሱ በኋላ። የመሬትና የሽመና ገበያ ሽሚያም ነበረበት።

ሐምሌ አምስት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለዚህ ሰልፉ የሚዘክረው ጎረቤት የተሸነፈበትን ቀን ነው፤ ማኅበሩም የተወለደው ከጎረቤት ጋር በተደረገ ተኩስ ማግስት ነው። አሁን «አሥር ደቂቃ» ወደሚለው ልመለስ፤ እሱን ሳትመልስልኝ ስለ ጋናና ስለ ቶጎ አትንገረኝ። ድል አድራጊው በተሸናፊው ደጃፍ ከበሮ እየመታ ሲያልፍ በሰዓት ይለካል?

የወንጌል ልጅ፦
እሺ፣ ስለ ጥምቀት ልጠይቅሽ። ታቦት ሲወርድና ሲገባ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም መንገዱ ተዘግቶበት ይውላል። ከአሥር ደቂቃም በላይ ነው። በ1964 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል ልጆች ተሰብስበው ስለጸለዩ ሲታሰሩ የነበረበት አገር ሰዎች ነን እኮ። ብዙኃኑ መንገዱን ሲዘጋ «ቅርስ» ይባላል፣ አናሳው ሲሰለፍ «ትንኮሳ»?

ሐምሌ አምስት፦
ጥምቀት ማንም ሰው ስለተሸነፈ አይከበርም። ታቦቱም ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳል እንጂ «የኔ ነው» ለማለት ሙስሊም ሰፈር መርጦ አይሄድም። «አናሳ» ያልከውም በ2021ዱ ቆጠራ ነው፤ በካቶሊክነት ያደገው 45.7፣ በፕሮቴስታንትነትና በሌላ ክርስትና ያደገው 43.5 በመቶ። የድራምክሪ ሰልፍ ግጭት ሲጋጋም ግን ብዙኃኑ እነሱ ነበሩ። ከ1921 ጀምሮ ለሃምሳ ዓመት መንግሥቱም የነሱ ነበር።

ጠበቃው፦
ሁለታችሁም ሕጉን ዘላችሁት። በሰሜን አየርላንድ በ1998 የወጣው የሕዝብ ሰልፎች ሕግ የሰልፍ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሊቀመንበርና እስከ ስድስት የሚደርሱ አባላት አሉት። አዘጋጁ 11/1 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ ቢያንስ ከ28 ቀን በፊት ለፖሊስ ያቀርባል። የሚነሣበትና የሚበተንበት ሰዓት፣ መንገዱ በየጎዳናው ስም፣ የሰው ብዛት፣ የባንዶቹ ስምና ቁጥር፣ አስተባባሪዎቹ ይሞላሉ። ሰልፉን ተቃውሞ መሰብሰብ የሚፈልግም ከ14 ቀን በፊት ያሳውቃል። ቀብርና በተለመደ መንገዱ የሚሄደው የሳልቬሽን አርሚ ሰልፍ ከዚህ ነፃ ናቸው። የእኛው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ለሰላማዊ ሰልፍ የሚጠይቀው የ48 ሰዓት ማስታወቂያ ነው፤ ልዩነቱን አስተውሉ።

ኮሚሽኑ ሰልፍን ፈጽሞ የመከልከል ሥልጣን የለውም፤ ያ የሚኒስትር ነው። ኮሚሽኑ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፦ በዚህ ጎዳና አትለፉ፣ ከዚህ መብራት እስከዚያ መስቀለኛ ሙዚቃ አይኑር፣ ደጋፊ አይከተል፣ በዚህ ሰዓት ጨርሱ። አውቆ የጣሰ እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሰዓቱ ላይ ነው። ጠዋት መውጫው ላይ አንድ ሎጅ ሲዘገይ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይዘገያሉ፤ ማታ ሲመለሱ ጸጥ ያለው ሰፈር ላይ የሚደርሱት ሰው ጠጥቶ፣ ሁለቱም ወገን በሚጠባበቅበት ሰዓት ይሆናል። ፀብ በብዛት የሚነሣው በመልሱ ጉዞ ነው።

ጋርቫሂን በተመለከተ ከ1998 ጀምሮ ኮሚሽኑ አላሳለፋቸውም። በዚያው ዓመት ጁላይ 12 ሌሊት ባሊመኒ ውስጥ በተወረወረ ተቀጣጣይ ጠርሙስ ሦስት ወንድማማች ሕፃናት ቤታቸው ውስጥ ተቃጥለው ሞቱ። የማኅበሩ ቻፕሊን የነበሩት ቄስ ዊልያም ቢንጋም ከዚህ በኋላ በዚያ መንገድ መሄድ ባዶ ድል ነው ሲሉ ለምእመናኑ ሰበኩ። ከውስጥ የተነሣ ድምፅ ነው፤ የወንጌል ልጅ ይህንንም ቢጠቅስ ጥሩ ነበር።

ከበሮ መቺው፦
ከላይ ስለ ከበሮ የተባለው ላይ ነው የምመጣው። ሰው ሁሉ «ያ ትልቁ ከበሮ በካቶሊክ ሰፈር እየተደበደበ» ይላል። ላምቤግ ማለታችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ላምቤግ ስፋቱ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ወደ 60፣ ክብደቱ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ነው። ቀፎው የኦክ እንጨት፣ ሁለቱ ፊቱ የፍየል ቆዳ፣ መምቻው ቀጭን ሸምበቆ። ቆዳው በገመድ ይወጠራል፤ እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ከመጠን በላይ ሲወጠር ይቀደዳል። ይህን ተሸክሞ የቤልፋስትን ረጅም መንገድ የሚሄድ የለም። ላምቤግ የሚሰማው አርማና አንትሪም ገጠር ውስጥ፣ በውድድርና በአጭር ጉዞ ላይ ነው። ቤልፋስት ላይ የምትሰሙት የዋሽንት ባንዶቹን ባስ ከበሮ ነው።

ባንድና ሎጅም አንድ አይደሉም። ሎጁ ባንዱን ለቀኑ ይቀጥረዋል፤ ብዙው የባንድ ልጅ የማኅበሩ አባል አይደለም። ማኅበሩ ባንድ የሚቀጠርበት ውል አለው፦ መጠጥ የለም፣ የታጣቂ ቡድን ምልክት የለም፣ በአምልኮ ቦታ ፊት ሲታለፍ ዜማው ይለወጣል። ችግሩ ባንዱ ውሉን ቢያፈርስ ሎጁ የሚቀጣው «በሚቀጥለው ዓመት አልቀጥርህም» ብሎ መሆኑ ነው። ጥሩ ባንድ ጥቂት ነው፤ ሌላ ሎጅ ወዲያው ይወስደዋል።

ዘአዲግራት፦
«ዜማው ይለወጣል» ካልክ በ2012 ጁላይ 12 ቤልፋስት ዶኒጎል ጎዳና ላይ ምን ሆነ? ሰልፉ ለጊዜው ሲቆም አንድ የሻንኪል ባንድ በቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ክብ ሠርቶ እየዞረ ካቶሊክን የሚሰድብ ዜማ ነፋ። በቪዲዮ ተቀርጿል። በኦገስቱ ሰልፍ ደግሞ ኮሚሽኑ ያዘዘው ተጣሰ።

ከበሮ መቺው፦
እውነት ነው፤ አልክድም። የኦገስቱን ያዘጋጀው ሮያል ብላክ የተባለው እኅት ማኅበር ቆይቶ ለደብሩ ካህናትና ምእመናን ይቅርታ መጠየቁንም ጨምርበት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ደጃፍ የሚታዘዘው ነጠላ ምት ነው። ዋሽንቱ ይወርዳል፤ አንድ ትንሽ ከበሮ ብቻ እግር እንዳይዛነፍ ቶክ ቶክ ያደርጋል። ሲሠራበት ይሠራል። የሚበላሸው ሰልፉ በመሀል ሲቆም ነው፤ የቆመ ባንድ ሥራ ይፈታል፣ ሥራ ሲፈታ ይጫወታል። ስለዚህ መፍትሔው ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ማንም እንዳይቆም ከኋላ ያሉትን አስቀድሞ ራቅ አድርጎ መያዝ ነው። ይህ የአስተባባሪዎች ሥራ ነው፤ የሃይማኖት ክርክር አያስፈልገውም።

ባነሩም ላይ አንድ ነገር። የሐር ባነሩን የሚሸከሙት ሁለት ሰዎች በቆዳ መያዣ ነው፤ ከአራቱ ማዕዘን ገመድ የሚይዙ ልጆች አሉ። ነፋስ ሲገባበት ተሸካሚውን ይጎትታል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከጎን የሚመጣው ነው የሚጥለው። እዚያ ጨርቅ ላይ በእጅ የተሣለው ሥዕል፣ የተዘጋች ከተማ በር፣ ዘውድና መጽሐፍ ቅዱስ፣ የሞቱ የሎጁ አባላት ፊት፣ የአንድ መንደር መዝገብ ነው። ይህን «ትንኮሳ» ብላችሁ በአንድ ቃል አትጠቅልሉት።

ሐምሌ አምስት፦
ሥዕሉን ማንም አልነካም። ሎክጎልና ቤልፋስት ላይ በ2015 ሙዚየም ከፍተዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት የሰላም ገንዘብ ገብቶበታል። ባነሩም፣ የሎጁ ሰነድም፣ ከበሮውም እዚያ አለ፤ ካቶሊክ ተማሪዎችም ይገቡበታል። ቅርስ ማለት እሱ ነው። የእኔ ጥያቄ ቅርሱ የሌላ ሰው መንገድ ላይ ካልተራመደ ለምን ሙሉ አይሆንም የሚል ነው።

ደግሞ በበዓሉ ዋዜማ እንጨት ተከምሮ ስለሚነደው እሳት ማንም አልተናገረም። በጁላይ 2025 ታይሮን ውስጥ ሞይጋሸል ላይ ከእንጨቱ ክምር አናት የስደተኞች ምስል ጀልባ ላይ ተደርጎ ተቃጠለ። ጥቁር ፊት የተቀቡ አሻንጉሊቶች ነበሩ። የአንግሊካኗ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ጆን ማክዶዌል አወገዙት። በጀልባ የተሻገረ ያገሬ ልጅ ያንን ሲያይ «አሥር ደቂቃ ታገሥ» እንበለው?

የወንጌል ልጅ፦
ሞይጋሸል ያሳፍራል፤ የሚቃጠለው ያገሬ ልጅ ምስል ነው፣ እኔንም ያመኛል። ነገር ግን ያንን እሳት ኦሬንጅ ኦርደር አላነደደውም። የ11ኛው ሌሊት እሳት የየሰፈሩ ወጣቶች ሥራ ነው። ግላስጎው ላይም በ2018 አንድ የካቶሊክ ቄስ ሰልፍ ሲያልፍ ተተፍቶባቸው ነበር፤ የተፈረደበት ሰው የማኅበሩ አባል አልነበረም። ተከታይ የሠራውን በአባል ላይ አትጫኑ።

ጠበቃው፦
በሕግ ልክ ነህ። ችግሩ እሳቱ ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። ሰልፍ አዘጋጅ ፈርሞ ነው የሚወጣው፤ የእሳት ክምር ላይ የሚፈርም የለም። በ2025 ቤልፋስት ሜሪዲ ጎዳና ላይ አስቤስቶስ ያለበት ቦታ ላይ ተከመረ። የከተማው ምክር ቤት ይነሣ ብሎ ወሰነ፤ ፖሊስ ማንሣቱ የባሰ አደጋ ያመጣል ብሎ አላግዝም አለ፤ ነደደ። በየዓመቱ የአጎራባች ቤት መስኮት በጣውላ ይሸፈናል፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግድግዳ ላይ ውኃ ሲረጭ ያድራል። ነፋሱ አቅጣጫ ከቀየረ ጣውላውም ውኃውም አይበቃም።

ሐምሌ አምስት፦
ማኅበሩ አላነደደውም፤ እሺ። በዚያው ሰሞን ግን በዚያው አካባቢ ያው ባንዲራ ተውለብልቦ ያው ንጉሥ ነው የሚዘከረው። «የኔ አይደለም» ማለት ቀላል ነው። «በዚህ ሰፈር ይህን ያደረጋችሁ ከእኛ ጋር አትሰለፉም» ያለ ሎጅ ካለ አሳየኝ።

የመንደሩ ሽማግሌ፦
እኔ አንድ ሌላ ምሳሌ ልስጥ። ቤልፋስት ውስጥ ካቶሊኮች በሚኖሩበት አርዶይን ላይ በ2013 ሦስት የሊጎኒል ሎጆች ማታ ሲመለሱ ተከለከሉ። ትዋዴል ጎዳና ላይ ድንኳን ተክለው ከሦስት ዓመት በላይ ማታ ማታ ተቃወሙ፤ የፖሊስ ወጪው በሚሊዮን ፓውንድ ይቆጠራል። በመጨረሻ ሎጆቹና አንዱ የነዋሪዎች ማኅበር ተስማሙ፦ ኦክቶበር 1 ቀን 2016 ጠዋት አንድ ጊዜ ይለፉ፣ ድንኳኑ ይነሣ፣ ከዚያ በኋላ ስምምነት ላይ ሳይደረስ የማታ መመለሻ ሰልፍ አይጠየቅ። አለፉ፤ ድንኳኑም ተነሣ። ደሪ ላይም ሌላው የፕሮቴስታንቶች የሰልፍ ማኅበር፣ አፕረንቲስ ቦይስ፣ ከነጋዴውና ከካቶሊኮቹ ሰፈር ከቦግሳይድ ነዋሪ ጋር ተቀምጦ ተነጋግሮ ነው ሰልፉን ያዳነው። ይህ እንዳይጠፋባችሁ።

ዘአዲግራት፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው። አርዶይን ላይ የተስማማው አንዱ የነዋሪዎች ቡድን ነው፤ ሌላኛው ያን ጠዋት መንገድ ላይ ቆሞ ሲቃወም ነበር። ስምምነት የምንለው ማን ሲፈርም ነው?

የወንጌል ልጅ፦
ጋርቫሂ ላይስ ማን ይፈርም? በዘመኑ የነዋሪዎቹ ቃል አቀባይ ሆኖ የተሾመው በፖርታዳውን የቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ ላይ ከደረሰ ቦምብ ጋር ተያይዞ ተፈርዶበት የታሰረ ሰው ነበር። ሎጁ ከሱ ጋር አልቀመጥም ያለው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሎጁ ለንግግር ዝግጁ ነኝ ይላል፤ ነዋሪዎቹ ነገሩ አልቋል ይላሉ። በየዓመቱ ቅጹ ይሞላል፣ በየዓመቱ አይሆንም ይባላል፣ በየእሑዱ ድራምክሪ ጫፍ ላይ ሄደው ቆመው ይመለሳሉ። እምነት ማለት እኔ ጋ ይህ ነው።

ሐምሌ አምስት፦
ነዋሪው «አልቋል» ካለ አልቋል። ሰልፉ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ሌላ መንገድ አለው፤ በዚያ መንገድ እየሄዱ ይሰግዳሉ፣ የከለከላቸውም የለም። የተከለከሉት መልሱን በዚያ ጎዳና ማድረግ ብቻ ነው። «አሥር ደቂቃ ነው» ያልከውን አሁንም አልሰረዝክም።

የወንጌል ልጅ፦
አልሰርዝም። አንቺም «ድል አድራጊ በተሸናፊ ደጃፍ» ያልሽውን ሰርዢ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓቱ እንነጋገራለን።

ከበሮ መቺው፦
ሰዓቱን ለምትከራከሩ፦ ባንድ በመደበኛ እርምጃ በደቂቃ ከ70 እስከ 80 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የጎዳናውን ርዝመት ለዚያ አካፍሉት፣ ከዚያ የሰልፉን ርዝመት ጨምሩበት፤ የፊተኛው ሲያልቅ የኋለኛው ገና እየገባ ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ አይሆንም።

ጠበቃው፦
በ11/1 ላይ የሚሞላውም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሰው የሚያልፍበት ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነበር። የሚሞላው የሰልፉ መነሻና መበተኛ ነው።